ለቀባሪ የተፈቀደው ለአስታማሚም ይፈቀድ

ነጋዴ በሥራው ቆጣሪ ነው። የገባውን ዕቃና የወጣውን ዕቃ፣ በዱቤ የተሰጠውንና በመንገድ የተበላሸውን፣ ለቀረጥና ለማጓጓዣ የተከፈለውን ሁሉ ከመዝገብ ያሰፍራል። ያልተጻፈ ወጪ የኋላ ኋላ ዋናውን ገንዘብ እንደሚበላ ከሌላው ሰው ይልቅ ነጋዴ ያውቃል። ይሁን እንጂ በሆሳዕናና በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሽቾ፣ በአንጋጫና በዶዮገና፣ በየባለሱቁ ቤት የሚወጣ፣ ነገር ግን በማንም መዝገብ ተጽፎ የማይገኝ አንድ ትልቅ ወጪ አለ። ይኸውም በቤተሰብ ውስጥ የታመመውን የሚያስታምም፣ ያረጀውን የሚጦር፣ አካሉ ወይም አእምሮው የተጎዳውን ልጅ ይዞ የሚውል ሰው ጊዜና ጉልበት ነው።

ከገበያው መካከል የአንድ ሱቅ በር ለሦስት ቀን ተዘግቶ ቢታይ የጎረቤት ባለሱቅ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ገጥሟቸው ነው?» የሚል ነው። መልሱ «ሰው ሞቶባቸው ነው» የሆነ እንደሆነ ዕድርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይነሣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ እህልና ውኃ ይቀርባል፤ አበዳሪው እንኳ የዕዳውን ቀን ለጊዜው ያሳልፋል። መልሱ «በሽተኛ ይዘው ሐኪም ቤት ናቸው» የሆነ እንደሆነ ግን «እግዚአብሔር ይማራቸው» ተብሎ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። እርግጥ ነው፤ ጠያቂ አይጠፋም፤ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው። ነገር ግን ጠያቂ ጠይቆ ይሄዳል፤ አስታማሚ ግን እዚያው ይቀራል። ሌሊቱም የእርሱ ነው፤ ነገም የእርሱ ነው።

የሆሳዕናው ሆስፒታል የተሰየመው በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ነው። ንግሥት እሌኒ የሐድያው ገዥ ልጅ ሲሆኑ በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ቤተ መንግሥት የገቡ፣ በእርጅናቸውም ዘመን ለሕፃኑ ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር ያስተዳደሩ ናቸው። የንጉሥ ሞግዚት የሆኑት ሴት ስማቸው በታሪክ ተጽፎ ይኖራል። በየሆስፒታሉ የእናቷን አልጋ ይዛ ስንት ሌሊት የምታድረው ልጅ ግን ስሟ ከበሽተኛው ካርድ ላይ እንደ ተጠሪ ከመመዝገቡ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች አስታማሚ ማለት ከበሽተኛው ጎን የሚቀመጥ እንግዳ ማለት አይደለም፤ ሥራ ያለው ሰው ነው። በሽተኛውን ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ከጎን ወደ ጎን ያገላብጣል፣ ደግፎ ወደ መጸዳጃ ያደርሳል። የታዘዘው መድኃኒት ከሆስፒታሉ ያልተገኘ እንደሆነ ከመድኃኒት ቤት ወደ መድኃኒት ቤት ይዞራል። የምርመራ ናሙና ያመላልሳል፤ ደም ሲያስፈልግ ለጋሽ ዘመድ ይፈልጋል። ሌሊት ከወለሉ ላይ አንሶላ አንጥፎ ያድራል። ይህ ሁሉ የነርስ ቁጥር ካነሰበት ቦታ ላይ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሥራ ነው። አስታማሚዎች ሁሉ ለአንድ ቀን ቢቀሩ ብዙ ሆስፒታል ሥራውን ለማከናወን እንደሚቸገር ሐኪሞቹ ራሳቸው የሚመሰክሩት ነው።

ሕመሙ የከበደ እንደሆነ በሽተኛው ወደ ወራቤ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አዲስ አበባ ይላካል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ፣ የካንሰር በሽተኛ ከየአውራጃው ተነሥቶ አዲስ አበባ መክረሙ የታወቀ ነው። የጨረር ሕክምና በአንድ ቀን ተፈጽሞ የሚያልቅ ሳይሆን ለሳምንታት የሚያመላልስ ነው። በሽተኛው ብቻውን አይሄድም፤ ከእርሱ ጋር የሚሄደው ሰው ከሥራው ተነሥቶ ነው።

እስቲ ነጋዴ በሚያውቀው በሒሳብ መንገድ ይታይ። ለምሳሌ ያህል፣ በዱራሜ የልብስ ሱቅ ያላት አንዲት ሴት በቀን 500 ብር የተጣራ ትርፍ ታገኛለች እንበል። አባቷን ይዛ አዲስ አበባ ለ30 ቀን ብትቆይ ከሱቁ የሚቀርባት 15,000 ብር ነው። ለማደሪያ በቀን 200 ብር፣ ለሁለት ሰው ምግብ በቀን 300 ብር ቢወጣ በወሩ ሌላ 15,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ ለመድኃኒትና ለምርመራ አንድ ብር ሳይከፈል፣ የመጓጓዣውም ሳይታሰብ፣ 30,000 ብር ሄዷል ማለት ነው። በዚያ ላይ የሱቅ ኪራይ አይቆምም፤ በዱቤ የወሰደችው ዕቃ የመክፈያ ቀን ይደርሳል፤ በዱቤ የሰጠችውን ሰብሳቢ የለም፤ የለመደው ደንበኛም ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ይጀምራል። በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ የተጀመረውና ዛሬ በብዙ ወረዳዎች የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለበሽተኛው ሕክምና ትልቅ ረድኤት ነው፤ ይሁንና የአስታማሚውን ምግብ፣ ማደሪያና የቀረ ገቢ የሚመለከት አይደለም።

እንዲህ ያለው ሱቅ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢዘጋ ሰው «ንግድ አልሆነላትም» ይላል። ንግዱስ ሆኖላት ነበር፤ ያልሆነላት ሁለት ሥራ በአንድ ሰው ጉልበት መሥራት ነው።

ሆስፒታሉ የሚታይ ስለሆነ ነገሩ ቢያንስ ለጊዜው ይነገራል። በቤት ውስጥ የሚሆነው ግን ከዚህ ይልቅ ረጅምና የተሸሸገ ነው። በ1982 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ደርሷል። ይህ ሁሉ ሰው ሊደሰትበት የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን ዕድሜ ሲረዝም የስኳርና የደም ግፊት ሕመም፣ ግማሽ አካልን የሚያሰንፍ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ ካንሰርና የመርሳት ሕመም አብረው ይመጣሉ። እነዚህም በሳምንት ታክመው የሚወጡባቸው ሳይሆኑ ለዓመታት አብረው የሚኖሩባቸው ናቸው። ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በቡታጅራ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የአእምሮ ሕመም ጥናት፣ የጽኑ ሕመምተኞች ሸክም ከማንም በፊት በቤተሰብ ላይ እንደሚወድቅና ቤተሰቡም ከድካሙ ሌላ የሰው ዐይን ፍራቻ እንደሚጎዳው በግልጽ አሳይቷል። ዘመድ የሆነ ሰው በሽተኛውን ከቤት ሲደብቅ ብዙ ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን ረዳት ከማጣት ነው።

ይህን ሸክም የሚሸከመው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ምራትና እኅት ናት። በሐድያና በከምባታ ገጠር እንሰት የሚፋቀው፣ ቆጮው ጉድጓድ ገብቶ የሚብላላው፣ ቡላው የሚወጣው በሴቶች እጅ ነው። ከተማ ያለችውም ሴት ከሱቅና ከጓዳ መካከል ትመላለሳለች። በዚህ ላይ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ሲጨመር ቀኑ አይበቃም፤ ያልበቃው ቀን ከየት ይሟላል? ከእንቅልፏ፣ ከጤናዋ፣ ብዙውን ጊዜም ከታዳጊ ልጅ ትምህርት ይሟላል። አያቷን እንድትጠብቅ ለአንድ ሳምንት ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆኖባት ሳትመለስ የምትቀርበት ጊዜ አለ። ይህም ኪሣራ ነው፤ ነገር ግን ኪሣራው የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ሂሳብ የምትችል ሻጭ፣ ደብዳቤ የምትጽፍ ጸሐፊ ስትታጣ ነው።

የእነዚህ ከተሞች ኑሮ ሲነሣ የባሕር ማዶው ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከሐድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተጓዘው ወጣት ቁጥሩ ብዙ ነው። መንገዱም የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ አውራጃ በአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው መገኘታቸው አይረሳም። የደረሰውም ቢሆን በየሰፈሩ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ዝርፊያንና በውጭ አገር ሰዎች ላይ የሚነሣውን ሁከት እየተቋቋመ ይሠራል። የሚልከው ገንዘብ በሆሳዕናና በዱራሜ ፎቅ ሠርቷል፣ መኪና ገዝቷል፣ የግንባታ ዕቃ ሻጩንና የቤት ዕቃ አስመጪውን ገበያ አስፍቷል። ይህን ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል፤ ባንኩም በየቀኑ ይቆጥረዋል።

ሆኖም ከሦስት ወንድማማች ሁለቱ በሄዱበት ቤት አባትና እናት አብረው አልሄዱም። የሚቀረው አንድ ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም አንዲት ሴት ናት። ወንድሙ ከዮሐንስበርግ የላከው ብር ደረሰኝ አለው፤ ቁጥሩ ይታወቃል፤ በዘመድ ጉባኤ ይመሰገንበታል። እኅቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነሥታ አባቷን ያገላበጠችበት ደረሰኝ የለውም። ኋላም ውርስ ሲከፋፈል ገንዘብ የላከው «እኔ ጦሬአለሁ» ሲል ይሰማለታል፤ ያጠበችውና ያጎረሰችው «ቤት ተቀምጣ የነበረች» ተብላ ትቆጠራለች። ወንድሙን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሱም በስደት ላይ ሆኖ የሚችለውን አድርጓል። ነገር ግን ገንዘቡ መድኃኒት ገዛ እንጂ መድኃኒቱን በሰዓቱ አላጠጣም። የገዛውና ያጠጣችው እኩል ጧሪ መሆናቸው ሊታወቅ ይገባል።

ስለ ቆጠራ ከተነሣ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ በከምባታና በወላይታ ማሳ ላይ በወረደ ጊዜ ገበሬው ጮኸ፣ ላኪው ጮኸ፣ የግብርና ባለሙያው ወደ ማሳው ወጣ፣ የጉዳቱም መጠን ተጠና። የተገባ ነበር፤ ዝንጅብል የብዙ ቤት ገቢ ነውና። አንድ ሰብል ሲጠወልግ እንዲህ ከተጮኸ፣ በየቤቱ አንድ ሠራተኛ፣ አንዲት ባለሱቅ፣ አንዲት ተማሪ ቀስ በቀስ ሲጠወልጉ ዝም መባሉ ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ አንድ ነው፤ ዝንጅብሉ በኩንታል ይመዘናል፤ የአስታማሚ ድካም ግን የሚመዘንበት ሚዛን አልተሠራለትም። የአገር ምርት ሲሰላ እንኳ ለቤተሰብ በቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት በዓለም ሁሉ ከሒሳቡ ውጭ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መረጃ በተገኘባቸው 64 አገሮች ሰዎች በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለ ክፍያ የቤትና የእንክብካቤ ሥራ እንደሚሠሩ፣ ከዚህም ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ በሴቶች እንደሚሠራ ገልጿል። ይህም ሁለት ቢሊዮን ሰዎች በቀን ስምንት ሰዓት ያለ ደመወዝ ቢሠሩ የሚሆነው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ ቢባል፣ ዋናው ነገር ሕጉና ልማዱ ለማን እንደተደራጁ ማየት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት ደመወዝ የሚከፈልበት የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሠራተኛው ራሱ ቢታመም የሕመም ፈቃድ አለው። እናቱ ታማ የሚያስታምማት ሰው ብትፈልግ ግን በዚህ ስም የተጻፈ ፈቃድ አያገኝም፤ ልዩና ከባድ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ ከሚሰጠው፣ ከአምስት ተከታታይ ቀን ከማይበልጠውና በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ከማይገኘው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወይም ከዓመት ዕረፍቱ መጠቀም አለበት። በአጭሩ፣ እናቱን ለመቅበር ደመወዝ አለው፤ እንዳትሞት ለማስታመም የለውም።

ዕድሩም እንዲሁ ነው። ዕድር ኢትዮጵያውያን ያለ ማንም አዛዥነት በራሳቸው ብልሃት ያቋቋሙት፣ ሀብታሙንና ድኻውን ባንድ ድንኳን የሚያስቀምጥ፣ ሊኮሩበት የሚገባ ማኅበር ነው። ነገር ግን በየወሩ የሚከፈለው መዋጮ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ሞት ሲመጣ ነው። ሰው ለሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኛ ቤተሰቡ ብቻውን ይለፋል፤ በሞተ ማግሥት መቶ ሰው ይሰበሰባል። ከዚያ ከመቶው ሰው አሥሩ በሕይወት ሳለ አንዳንድ ሌሊት ተካፍለውት ቢሆን ኖሮ ለሟችም ለቀሪም ምንኛ በተሻለ ነበር።

የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ወላጅና ልጅ እርስ በርሳቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ አጽንቷል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ቀለብ በገንዘብ ይተመናል፤ ቀለቡን አብስሎ የሚያጎርሰው እጅ ግን ከሕጉም አልተተመነም።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የመጀመሪያው «እናትን ማስታመም የልጅነት ወግና ምርቃት የሚገኝበት ነው፤ በገንዘብ መተመኑ ነውር ነው» የሚል ነው። ይህ አሳብ ከመልካም ልብ የሚወጣ ስለሆነ ሊከበር ይገባል። ነገር ግን ቀብርም ወግ ነው፤ ለቀብር ፈቃድና መዋጮ መኖሩ ኀዘኑን አላረከሰውም። ፍቅር ሥራውን ያስጀምራል፤ ጉልበትን ግን አይተካም። የሚወዳትን እናቱን ስለ ደከመው ብቻ የተቆጣ፣ በኋላም በዚህ የሚጸጸት ልጅ ያጣው ፍቅር ሳይሆን የአንድ ሌሊት ዕረፍት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባለሱቁ ነው፤ «አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ያለኝ ሰው ለማስታመም ሁሉ ፈቃድ ብሰጥ ሱቄን ማን ይከፍታል?» ይላል። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ሠራተኛው ፈቃድ ባያገኝም እናቱን ጥሎ አይቀርም፤ ወይ ውሸት ተናግሮ ይቀራል፣ ወይ ልቡ ሳይኖር በመደብሩ ይቆማል፣ ወይ ሥራውን ለቆ ይሄዳል። በዚህን ጊዜ ባለሱቁ የሚያጣው አምስት ቀን ሳይሆን ዕቃውን፣ ዋጋውንና ደንበኛውን ለይቶ የሚያውቅ የታመነ ሰው ነው። አዲስ ሰው አምጥቶ ለማስለመድ የሚወስደው ወራትና በዚያ መካከል የሚጠፋው ዕቃ ከአምስት ቀን ደመወዝ እንደሚበልጥ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ደግሞም ባለሱቁ ራሱ ነገ አስታማሚ ወይም ተኝቶ የሚታመም መሆኑን አይርሳ።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር በአንድ ቀን አልደረሱበትም። እንግሊዝ በ1968 ዓ.ም. ለአስታማሚ አበል መክፈል ስትጀምር ያገቡ ሴቶችን «ቤት መዋላቸው አይቀርም» በሚል አሳብ ለይታ አስቀርታ ነበር፤ ይህ የታረመው ከአሥር ዓመት በኋላ አንዲት እናቷን የምታስታምም ሴት እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ በደረሰ ክርክር ከረታች በኋላ ነው። ጀርመን በ1987 ዓ.ም. የእንክብካቤ መድን አቋቁማ ዘመዱን በቤት የሚያስታምም ሰው የጡረታ መዋጮው እንዳይቋረጥ አድርጋለች። የአገሪቱ አስመጪ መኪናና መለዋወጫ የሚያመጣባት ጃፓን በ1992 ዓ.ም. ተመሳሳይ መድን ጀምራለች፤ በሕጓም ሠራተኛ ለአንድ ታማሚ ዘመዱ በጠቅላላው እስከ 93 ቀን የማስታመሚያ ፈቃድ ሊወስድ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2015 ዓ.ም. በየዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 29 ቀን የእንክብካቤና የድጋፍ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። ኢትዮጵያ የእነዚህን አገሮች ሀብት የላትም፤ ስለዚህም እንደ እነርሱ ከመንግሥት ካዝና አበል ይከፈል ብሎ መጠየቅ ለጊዜው ከባድ ነው። ነገር ግን እነዚያ አገሮች የሌላቸው ዕድር፣ ዕቁብና ጉርብትና አላት።

ከራሷ ከከምባታም ሊወሰድ የሚገባ ትምህርት አለ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በ1989 ዓ.ም. ገደማ ከእኅታቸው ጋር የከምባታ ሴቶችን ማኅበር ባቋቋሙ ጊዜ ስለ ኤድስ በሽታ ሊያስተምሩ ተነሥተው ነበር፤ የአገር ሽማግሌዎች ግን በቅድሚያ ነጋዴው ገበያ፣ ልጆችም ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት ድልድይ እንዲሠራ ጠየቁ። ድልድዩ ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በየመንደሩ ተቀምጦ እስከዚያ ቀን ድረስ አይነኬ የነበረውን የሴት ልጅ ግርዛት ሳይቀር ተወያየበት፤ ልማዱም በብዙ ስፍራ ተተወ። እኒህ ሴት በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ያሳዩት መንገድ ይኖራል፤ የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው ተብሎ የተሸሸገ ነገር በግልጽ ከተነጋገሩበት የሕዝብ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤድስ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ጊዜም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ከቀብር አልፈው በሽተኛን በቤቱ ወደ መርዳት ተሸጋግረው ነበር። እንግዲህ ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በጭንቅ ቀን የተደረገውን በደህና ቀን መቀጠል ነው።

ስለሆነም በሐድያና በከምባታ ከተሞች የሚገኙ ነጋዴዎችና ማኅበሮቻቸው የሚከተሉትን ቢመለከቱ ይበጃል።

1ኛ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የዝቅተኛውን ልክ እንጂ የከፍተኛውን አይወስንም። አሠሪ ከሕጉ አብልጦ ቢሰጥ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ ለቀብር የሚሰጠውን ሦስት ቀን ያህል እንኳ ወላጁ፣ ልጁ ወይም የትዳር ጓደኛው በጽኑ ለታመመበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ ይስጥ፤ የፈቃዱንም ስም «የማስታመሚያ ፈቃድ» ብሎ በግልጽ ይጻፈው። ስም ያለው ነገር አያሳፍርም።

2ኛ፤ ጅምላ ሻጭና አስመጪ በኀዘን ላይ ያለውን ቸርቻሪ እንደሚታገሡት ሁሉ፣ በሽተኛ ይዞ ሱቁን ለዘጋ ቸርቻሪ የዱቤውን ቀን ያራዝሙለት። ዕቁብተኛም ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን በሽተኛ ለያዘው ጓደኛው እንዲለቅ ማድረጉን ልማድ ያድርገው። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ደንበኛን ከመክሰር ማዳን ነው።

3ኛ፤ ዕድሮች ከወር መዋጮ ጥቂቱን ለማስታመሚያ ይለዩ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚረዳው ግን ተራ ነው፤ አባላት በጽኑ በታመመ ሰው ቤት በተራ እየገቡ አስታማሚዋን በሳምንት አንድ ሌሊት እንኳ ቢያሳርፏት ወጪው ምንም ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

4ኛ፤ በውጭ አገር ያሉ ልጆች ገንዘብ ሲልኩ ለመድኃኒትና ለምግብ ብቻ ሳይሆን ወላጃቸውን ለያዘችው እኅት ወይም ምራት የራሷ የሆነ ድርሻ ይለዩላት። ዘመድ ተሰብስቦ ማን በገንዘብ፣ ማን በጉልበት እንደሚጦር ይስማማ፤ ስምምነቱም ይጻፍ። የተጻፈ ነገር ኋላ ከክርክር ያድናል።

5ኛ፤ በአዋጅ ቁጥር 341/1995 መሠረት የሚሠሩት የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች የነጋዴውን ችግር ለመንግሥት የማቅረብ ድርሻ አላቸው። እንግዲያው አባሎቻቸውን ይጠይቁ፤ በዓመት ስንት ቀን፣ በስንት ሱቅ፣ ሰው በማስታመም ምክንያት በር እንደተዘጋ ይቆጠር። ቁጥሩ ከተገኘ ስለ ሕጉ መሻሻልም ሆነ በሆስፒታሎች አጠገብ ስለሚሠራ የአስታማሚዎች ማረፊያ ቤት በእርግጠኝነት መነጋገር ይቻላል። ፎቅ መሥራት የቻሉ ከተሞች ጣራና ውኃ ያለው አንድ ማረፊያ መሥራት አያቅታቸውም።

ከዚህ ሁሉ መካከል ለማንም የማይቻል ነገር የለም። ሰው ሁሉ ተወልዶ በሌላ ሰው እጅ ታጥቧል፤ ብዙውም በመጨረሻው ዘመኑ እንደገና በሌላ ሰው እጅ ይታጠባል። በመካከሉ ያለው ሻጭና ገዥ ሆኖ የሚያልፈው ዘመን የቆመው በእነዚያ በማይቆጠሩ እጆች ላይ ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ዛሬ ግን በየቤቱ ሃምሳውን ሎሚ አንዲት ሴት ብቻዋን ይዛ ትታያለች።

እንግዲህ በነገው ቀን የጎረቤት ሱቅ በር ተዘግቶ ቢገኝ፣ መልሱም «በሽተኛ ይዘው ነው» የሆነ እንደሆነ፣ ነጋዴው እንደ ኀዘን ቀን ሁሉ ነጠላውን ይዞ ይነሣ። ይህን ጊዜ ነጠላው ለማዘቅዘቅ ሳይሆን ከደከመችው አስታማሚ ተቀብሎ ሌሊቱን ተከናንቦ ለማደር ይሁን።